ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለይታችሁ ጻፉ

ውድ ወጣቶች፣

የጋሊሊዮ ጋሊሌይ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሳችሁ በሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ምድር ትዞራለች አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ፈረደችበት፣ እሱ ግን ትክክል ነበር። እንዲህ ሲነገር ለሥራችሁ የሚረባ ነገር አይቀርለትም። እኔ እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው ሰውየው በዓይኑ ያየው የት ላይ እንዳበቃ፣ ግምቱስ ከየት እንደጀመረ ነው። ጉልበቱም ጉዳቱም የመጡት ከዚህ ወሰን ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመሣሪያው ልጀምር። ቴሌስኮፕን የፈለሰፈው ጋሊሊዮ አይደለም። በ1608 በኔዘርላንድስ ሃንስ ሊፐርሼይ የተባለ መነጽር ሠሪ የፈጠራ መብት ጠይቆበታል። ወሬው በ1609 ጣሊያን ሲደርስ በፓዶቫ ሒሳብ ያስተምር የነበረው ጋሊሊዮ መጀመሪያ ሦስት እጥፍ የሚያጎላ ሠራ፤ በኦገስት ስምንት እጥፍ ገደማ የሚያጎላውን ለቬኒስ ሹማምንት አሳየ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሃያ እጥፍ ደረሰ።

በቴሌስኮፑ ከፊት መሀሉ ያበጠ ሌንስ፣ ከዓይን በኩል ደግሞ መሀሉ የጎደጎደ ሌንስ አለ። የፊተኛውን የትኩረት ርቀት (ሌንሱ ብርሃንን አንድ ነጥብ ላይ እስከሚሰበስብበት ያለውን ርቀት) ለኋለኛው ስታካፍሉ የማጉላት አቅሙን ታገኛላችሁ። ፍሎረንስ ሙዚየም ውስጥ ካሉት ቴሌስኮፖቹ በአንዱ የፊት ሌንሱ የትኩረት ርቀት 980 ሚሊ ሜትር፣ የዓይኑ ደግሞ 47.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲካፈል ወደ 21 ይመጣል። የቱቦው ርዝመት የሁለቱን ልዩነት ያህል፣ 93 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ዘመን የሌንስ ጠርዝ በትክክል ተሞርዶ ስለማይወጣ ምስሉ ይደበዝዝ ነበር። ስለዚህ 37 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሌንስ በቀለበት ሸፍኖ መሀሉን 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ክፍት ተወው። ብርሃን ቀነሰበት፣ ምስሉ ግን ጠራለት። የማይድን ጉድለትም ነበረው፤ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የሰማይ ክፍል ጠባብ በመሆኑ ሙሉ ጨረቃ እንኳ አይገባበትም ነበር።

መሣሪያውን የፈተነበትን መንገድ ልብ በሉ። በወረቀት ላይ ሁለት ክብ ይሠራል፤ የትልቁ ወርድ የትንሹን ሃያ እጥፍ ነው። ሁለቱን ግድግዳ ላይ ይለጥፍና ራቅ ብሎ በአንድ ዓይኑ ትንሹን በቴሌስኮፑ፣ በሌላው ዓይኑ ትልቁን በባዶው ያያል። እኩል መስለው ከታዩት መሣሪያው ሃያ እጥፍ ያጎላል ማለት ነው። እናንተም ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ወደ ጨረቃ ሲያዞረው በጨለማው በኩል፣ ከብርሃኑ ድንበር ተነጥለው የሚያበሩ ነጥቦች አየ። ያየው ይህንን ብቻ ነው። ተራራ ናቸው፣ ፀሐይ ቀድማ የምትመታው ጫፋቸውን ነው የሚለው ግምት ነው፤ ግን ወደ ስሌት የሚገባ ግምት ነው። አንዳንዶቹ ነጥቦች ከድንበሩ የጨረቃን ወርድ አንድ ሃያኛ ያህል ይርቃሉ። ወርዱን 2000 የጣሊያን ማይል ብሎ ያዘ፤ ስለዚህ ግማሹ 1000፣ የነጥቡ ርቀት 100 ነው። የጨረቃ እምብርት፣ የድንበሩ ነጥብና የተራራው ጫፍ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ 1000 በራሱ ሲባዛ 1,000,000፣ 100 በራሱ ሲባዛ 10,000፤ ድምሩ 1,010,000 ይሆናል። ካሬ ሥሩ 1005 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከዚያ ላይ 1000 ሲቀነስ የተራራው ከፍታ ከ4 ማይል በላይ ሆነ። ይህን ስሌት ዛሬ ማታ ደብተራችሁ ላይ መድገም ትችላላችሁ።

ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 በጁፒተር አጠገብ ሦስት ትንንሽ ኮከቦች አየ፤ ሁለቱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ። በማግሥቱ ሦስቱም ምዕራብ ነበሩ። በ9ኛው ደመና ነበር፤ ደመና መሆኑን ጻፈ። በ10ኛው ሁለት ብቻ፣ ሁለቱም በምሥራቅ። በ13ኛው አራት ሆኑ። መጀመሪያ ቋሚ ኮከቦች መስለውት ነበር፤ ጁፒተርን የሚዞሩ ጨረቃዎች ናቸው ወደሚል ሐሳብ ያመጣው በየሌሊቱ ያሰፈረው ሥዕል ነው። ውጤቱን በዚያው ዓመት ማርች ላይ አሳተመ። በሮም የኢየሱሳውያን ኮሌጅ የነበሩት የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም በ1611 በራሳቸው መሣሪያ አይተው አረጋገጡለት። ግጭቱን በደፈናው የቀሳውስትና የሳይንስ ጠብ አድርጎ ማቅረብ ይህን ይደብቃል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቦታ እንምጣ። በ1610 መጨረሻ ቬነስ እንደ ጨረቃ ቅርጽ ስትለዋወጥ፣ ከጎባጣ ማጭድ እስከ ሙሉ ክብ፣ አያት። ይህ ምድርን የሁሉ ማዕከል በሚያደርገው በጥንቱ የቶለሚ ሥርዓት አይቻልም፤ ቬነስ ፀሐይን ትዞራለች ማለት ነው። ነገር ግን የዴንማርኩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ታይኮ ብራሄ ያቀረበው ሌላ ሥርዓት ነበር፤ በእሱ ፕላኔቶቹ ፀሐይን፣ ፀሐይ ደግሞ ምድርን ትዞራለች። የቬነስ ቅርጾች ከዚህም ጋር እኩል ይስማማሉ። ስለዚህ ማስረጃው ቶለሚን አፈረሰ እንጂ የምድርን መዞር አላረጋገጠም። ለዚህ የሚሆነው ምልከታ የተገኘው ጄምስ ብራድሊ በ1720ዎቹ መጨረሻ፣ ፍሪድሪሽ ቤሰል ደግሞ በ1838 በኮከቦች ላይ ባደረጉት ጥቃቅን ልኬት ነው።

ካርዲናል ሮቤርቶ ቤላርሚኖ በኤፕሪል 1615 ለአንድ መነኩሴ በጻፉት ደብዳቤ እውነተኛ ማረጋገጫ ከተገኘ የመጽሐፍ ቅዱስን ትርጓሜ በጥንቃቄ እንደገና ማየት እንደሚገባ ተቀብለው ነበር፤ ማረጋገጫው መኖሩን ግን ተጠራጠሩ። ጋሊሊዮ ክፍተቱን በባሕር ውኃ ሙላትና ጉድለት ሊሞላ ሞከረ፤ ውኃው የሚወጣውና የሚወርደው ምድር ስለምትንቀሳቀስ ነው አለ። ስሌቱ በቀን አንድ ሙላት ይሰጣል፤ ባሕሩ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር ለሙላቱ ጨረቃን ምክንያት ማድረጉንም ናቀ። በያዘው ሐሳብ ትክክል ሆኖ ባቀረበው ማስረጃ ተሳሳተ። ይህ በማናችሁም ላይ ሊደርስ ይችላል፤ መድኃኒቱ አንድ ገጽ ለሁለት ከፍሎ በግራ የታየውን፣ በቀኝ የተገመተውን መጻፍ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሹማምንትም ከወሰናቸው አልፈዋል፤ የእነሱ ጥፋት የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ። በፌብሩዋሪ 1616 የምድር መንቀሳቀስ ጥያቄ የቀረበላቸው የሥነ መለኮት አማካሪዎች በአምስት ቀን ውስጥ ስለ ተፈጥሮ ብይን ሰጡ። ቴሌስኮፕ ውስጥ እንዲመለከቱ የጠየቃቸው አልነበረም።

እዚህ ላይ ከሥነ ፈለክ ወጣ የሚል ምክር አለኝ፤ የቃል ትእዛዝ ሲሰጣችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። ቤላርሚኖ ጋሊሊዮን ጠርተው ምድር ፀሐይን ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ሐሳብ እንዳይዝና እንዳይከላከል ነገሩት። ሐሜት ሲበዛበት የምስክር ወረቀት ለመነ፤ በሜይ ሰጡት። በ1633 ሲከሰስ ግን ከመዝገብ ቤቱ ሌላ ወረቀት ወጣ፤ በምንም መንገድ እንዳያስተምርም ታዟል የሚል፣ ፊርማ የሌለው። ቤላርሚኖ በ1621 ሞተው ስለነበር የሚመሰክር አልተገኘም። ጋሊሊዮ የራሱን ወረቀት አቀረበ፤ ባያድነውም የክሱን ኃይል አዳክሞለታል።

ያስከሰሰው በ1632 ፍሎረንስ ላይ በጣሊያንኛ ያሳተመው የውይይት መጽሐፍ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባን 8ኛ ይወዱት የነበረውን ሐሳብ፣ ማለትም እግዚአብሔር አንዱን ነገር በብዙ መንገድ ሊያደርገው ይችላል የሚለውን፣ በክርክሩ ሁሉ በሚሸነፈው ሰው አፍ ውስጥ አስገባው። የድሮ ወዳጁ ተቆጡ። ጁን 22 ቀን 1633 ተንበርክኮ ሐሳቡን ካደ፤ ከአሥሩ ዳኞች ፊርማቸውን ያኖሩት ሰባቱ ናቸው። ቅጣቱ የቁም እስርና ለሦስት ዓመት በየሳምንቱ ሰባቱን የንስሐ መዝሙራት መድገም ነበር። በማሠቃያ አስፈራርተውታል፤ እንዳሠቃዩት የሚያሳይ መዝገብ የለም። «ቢሆንም ትንቀሳቀሳለች» አለ የሚባለውም በዘመኑ ሰነድ ስለማይገኝ አትጥቀሱት። በቁም እስር ሳለ የጻፈው የእንቅስቃሴ ጥናት በ1638 በላይደን ታተመ፤ ለፊዚክስ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራው እሱ ይመስለኛል።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከጁፒተር ጀምሩ። 10 በ50 የሚባለው ባይኖኩላር ይበቃል፤ በእጅ ሲያዝ ስለሚንቀጠቀጥ ግን ግድግዳ ላይ አስደግፉት ወይም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ እሰሩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሰማይ አታነጣጥሩት፤ ዓይን ያጠፋል። በየምሽቱ በአንድ ሰዓት አንድ መስመር አስምሩ፣ መሀሉ ላይ ጁፒተርን፣ ግራና ቀኝ ነጥቦቹን በጁፒተር ወርድ ለክታችሁ አስቀምጡ። ሦስት ብቻ ካያችሁ አራተኛው ከፊቱ ወይም ከጀርባው ሆኖ ይሆናል፤ ሦስት ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትሙሉት። ከመስመሩ በጣም የወጣ ነጥብ ኮከብ ሊሆን ስለሚችል በማግሥቱ አረጋግጡ። ከአራቱ ጨረቃዎች ከሁሉ ርቆ የሚሄደው ካሊስቶ በ16.7 ቀን አንድ ዙር ይጨርሳል፤ ስለዚህ ቢያንስ አምስት ሳምንት ያስፈልጋችኋል። ቁጥራችሁ ወደ 7 ቀን ከወረደ ሌላውን ጨረቃ ጋኒሜድን ካሊስቶ ብላችሁ ይዛችሁታል ማለት ነው፤ ነጥቡ ከጁፒተር በጣም ወደራቀባቸው ሌሊቶች ተመለሱና ከዚያ እንደገና ቁጠሩ።