ጥዱና ቡችሎቹ

ጥያቄ፦ ባለፈው ገና ሁለቱ ቡችሎቻችን ጥዱን ጎትተው ጣሉት። ዘንድሮ ምን እናድርግ? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ባዶ የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ፈልጉ። ጥዱን መሃሉ ላይ አቁማችሁ ዙሪያውን በድንጋይ አጥብቁና እርጥብ አሸዋ ሙሉበት፤ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቡችላ ዘሎ ቅርንጫፉን ከጎተተ ግን ይህም ስለማይበቃ፣ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛው ላይ በሲባጎ ከመስኮቱ ብረት ጋር እሰሩት። በባሕር ዳር ሙቀት የተቆረጠ ጥድ ቶሎ ይደርቃልና አሸዋውን በየቀኑ አርጥቡት።

መውደቁስ ቀላሉ ነው። ብልጭልጩ ክር ከተዋጠ አንጀትን አጨማዶ ሊቆርጥ ይችላል፤ በረዶ ለማስመሰል የሚበተነው ጥጥም አንጀት ይዘጋል። ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ በፍጹም አትጎትቱ፤ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ቸኮሌት ዛፉ ላይ አይሰቀል፤ ለውሻ መርዝ ነው። የታችኛውን ግማሽ ሜትር ያለ ጌጥ ተዉት፤ ልጆች ቢያኮርፉም።

ወንድ ውሻ ከደጅ የገባ ዛፍ ላይ እግሩን ማንሳቱ አይቀርም። ስለዚህ የመብራቱ ማከፋፈያ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ገመዱም በግድግዳው በኩል ይለፍ። ስትተኙ ሶኬቱን ንቀሉ።