አማቴ «በአራት ወሩ አጥሚት ጀምሪለት» ይላሉ፤ ልስማቸው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከደብረ ሲና ነኝ። ልጄ ሦስት ወር ተኩል ሆኖታል፤ ጡት ብቻ ነው የማጠባው። አማቴ ግን «እኔ ስወልድ ጤና ጣቢያ በአራት ወሩ አጥሚት ስጪው፣ በሆዱ አስተኚው ነው ያሉኝ» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ቅቤ ያስውጡታል። ፀሐይ ላውጣው ስል ደግሞ የሰው ዓይን ይበላዋል ብለው ይቆጣሉ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ አማትሽ አልዋሹም። ያኔ ምክሩ እንደዛ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ «ከ4 እስከ 6 ወር» ይል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው 6 ወር ሙሉ ጡት ብቻ ያለው። ምክንያቱም ጡት ብቻ የጠባ ልጅ ተቅማጥ ይቀንስለታል፣ ዕድገቱም አይጓደልም። ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ብትወርጂ እንኳ ወተትሽ አብዛኛው ውሃ ነው። 6 ወር ሲሞላው ወፈር ያለ ገንፎ እንጂ ቀጭን አጥሚት አትጀምሪለት።

በሆድ ማስተኛቱንም ሐኪሞች ናቸው ያመጡት፣ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ ብለው። በኋላ ግን በሆዳቸው የሚተኙ ሕፃናት በእንቅልፍ ላይ በድንገት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «በጀርባው አስተኙት» የሚል ዘመቻ በተደረገባቸው አገሮች ይህ ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በጀርባው ይተኛ። ነቅቶ፣ አንቺም እያየሽው በሆዱ ቢጫወት ግን ጥሩ ነው።

ቅቤው ላይ ግን አልደራደርም። ልጁ እያለቀሰ ቅቤ በጣት ወደ ጉሮሮው ሲገፋ ቅባቱ ወደ ሳንባው ይገባና የሳንባ ምች ያመጣበታል። ካሳለው፣ ወይም ረጋ ብሎ እያለ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ነገ ሳትዪ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ቅቤውን ለአንቺ ገንፎ ያድርጉት፣ እሱ ሲያንስሽ ነው!

ስለ ፀሐዩ አንቺ ነሽ ትክክል። እንደናንተ ባለ ብርድ አገር ልጅ ቀኑን ሙሉ በጋቢ ተጠቅልሎ ይውላል፣ ቆዳው ቫይታሚን ዲ አይሠራም፣ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይቆለመማል። የጠዋት ፀሐይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ እጅና እግሩን ገልጠሽ አሙቂው። በመስኮት መስታወት የሚገባው አይሠራም። ዓይን ከፈሩ ጓሮ፣ ሰው በሌለበት ይሁን፤ ምን ቸገረን።

አሁን 14 ሳምንት ስለሞላው የክትባት ቀጠሮው ደርሷል። አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ያኔ የሰሙት ከጤና ጣቢያ ነው፣ አዲሱንም ከነርሷ አፍ ይስሙት፤ አንቺም ከጭቅጭቅ ታርፊያለሽ።