የሕግ ምክር፦ ጣሪያ የቀየርኩለት ደንበኛ ቀሪውን አልከፍልም አለኝ፤ ልክሰሰው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። በስሜ የወጣ የሲ-39 የጣሪያ ሥራ ላይሰንስ፣ የዋስትና ቦንድ እና የ1 ሚሊዮን ዶላር ሊያቢሊቲ ኢንሹራንስ (በሌላ ሰው ወይም ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል) አለኝ። ባለፈው ወር የአንድ ቤት ጣሪያ በ27,500 ዶላር ቀይሬ ጨረስኩ። ባለቤቱ 16,000 ከፍሎ ቀሪውን 11,500 ከለከለኝ። ሠራተኛ የለኝም፤ ሁለት ልጆች ብቻ በ1099 (ለራሱ ለሚሠራ ኮንትራክተር በሚሰጠው የግብር ፎርም) ያግዙኛል። ስሞል ክሌምስ (የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ፍርድ ቤት) ብከሰው ያዋጣኛል?

መልስ፦ የጠየቁኝ ቀላሉን ነው። በግልዎ የሚሠሩ ከሆነ ስሞል ክሌምስ እስከ 12,500 ዶላር መጠየቅ ይችላሉ፤ በኮርፖሬሽን ስም ከሆነ 6,250 ብቻ ነው። ቤቱ ላይ መካኒክስ ሊየን (ላልተከፈለ ሥራ ቤቱን መያዣ የሚያደርግ መብት) ማስመዝገብም ይቻላል፦ ሥራው ካለቀ በ90 ቀን ውስጥ፣ ባለቤቱ የማጠናቀቂያ ማስታወቂያ ካስመዘገበ ግን ከዚያ ጀምሮ በ60 ቀን። ሊየኑ ከተመዘገበ በኋላም በ90 ቀን ውስጥ ክስ ካልተከተለው ዋጋ የለውም።

ይህን አንብበው ነገ ፋይል እንዳይከፍቱ አደራ። ላይሰንስ፣ ቦንድ፣ ሊያቢሊቲ ብለው ሲቆጥሩ ወርከርስ ኮምፕን (ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሚከፍለውን ኢንሹራንስ) ዘለሉት። ቀጥለውም «ሠራተኛ የለኝም» አሉ። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

በካሊፎርኒያ ቀለም ቀቢ ወዳጅዎ ሠራተኛ ከሌለው ከወርከርስ ኮምፕ ነፃ ነኝ ብሎ ለኮንትራክተሮች ላይሰንስ ለሚሰጠው ቦርድ መፈረም ይችል ይሆናል። ጣሪያ ሠሪ ግን አይችልም፤ ብቻውን ቢሠራም የሲ-39 ባለቤት ኢንሹራንሱን መያዝ አለበት። ላይሰንስዎ እስካሁን ካልታገደ ቦርዱ ዘንድ አንድ የወርከርስ ኮምፕ ሰርተፊኬት አለ ማለት ነው። ታዲያ ፖሊሲውን ሲገዙ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ምን ብለው ነገሩት? ለእኔ እንደጻፉት «ሠራተኛ የለኝም» ብለው በትንሹ ፕሪሚየም (የኢንሹራንስ ክፍያ) የሚሸጠውን፣ ሠራተኛ ያልተመዘገበበትን ባዶ ፖሊሲ ከያዙ፣ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ውስጥ ነዎት።

1099 መስጠት ልጆቹን ኮንትራክተር አያደርጋቸውም። ላይሰንስ የሚጠይቅ ሥራ ላይሰንስ ለሌለው ሰው ከሰጡ፣ በካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ ያ ሰው የእርስዎ ሠራተኛ ነው። ወርከርስ ኮምፕ መያዝ የሚገባው ኮንትራክተር ሽፋኑ ከተቋረጠበት ደግሞ ላይሰንሱ በሕግ ኃይል ወዲያው ይታገዳል፤ ከቦርዱ ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠበቅም። በታገደ ላይሰንስ የሠራ ሰው ቀሪውን መጠየቅ አይችልም፤ ባለቤቱ ግን የከፈለውን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ጣሪያው ያማረ መሆኑ አያድንም፤ ባለቤቱ መታገዱን አስቀድሞ ማወቁም እንዲሁ። 11,500 ሊያስከፍሉ ሄደው 16,000 መልስ ሊባሉ ይችላሉ። ያ አጸፋ ከስሞል ክሌምስ ወሰን ስለሚበልጥ ጉዳዩን ወደ ሱፒሪየር ኮርት ሊያዞረው ይችላል።

ፖሊሲ ኖሮ የደመወዝ ሪፖርቱ ከእውነቱ ያነሰ ከሆነስ? በ2007 አንድ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሠራተኛ እያሠራ ደመወዙን እጅግ አሳንሶ ያሳወቀ ኮንትራክተር ላይሰንሱ እንደታገደ ቆጥሮ ክፍያውን ከልክሎታል። በ2010 ደግሞ ሌላ ችሎት ፖሊሲው በተግባር ሠራተኞቹን ይሸፍን ነበር ብሎ ለኮንትራክተሩ ፈርዷል። እርስዎ በየትኛው ወገን እንደሚወድቁ የሚነግረን የፖሊሲዎ ወረቀት ነው። ሳላየው ይክሰሱ አልልም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚከተሉትን ይሰብስቡ፦ የተፈረመውን ውል፣ የወርከርስ ኮምፕ ፖሊሲውን ከነመጀመሪያ ገጹ፣ ከኢንሹራንሱ የመጡ የኦዲት ደብዳቤዎችን (ለሲ-39 ኩባንያው በየዓመቱ በአካል መጥቶ ኦዲት ማድረግ አለበት)፣ ለልጆቹ የከፈሉበትን ቼክ ሁሉ። ከቦርዱም የተረጋገጠ የላይሰንስ ታሪክ ያውጡ፤ ባለቤቱ ላይሰንስዎን ከካደ ማስረጃው እሱ ነው። በክረምት ሥራ ሲጠፋ ፕሪሚየም ሳይከፍሉ የቀሩበት ወር ካለ አይደብቁኝ። ወረቀት ወደኋላ ቀን ለማስተካከል ግን አይሞክሩ፤ የሲቪሉን ነገር ወንጀል ያደርገዋል።

ባለቤቱ ለምን እንደከለከለዎ አለመጻፍዎም ያጠራጥረኛል። አሮጌው ተነሥቶ አዲሱ ሳይለበስ ዝናብ ገብቶ ይሆን? ከሆነ ሊያቢሊቲዎ ላይ በክፍት ጣሪያ የሚመጣ ጉዳትን ከሽፋን የሚያገልል አንቀጽ መኖሩን ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ አላቸው። የመጀመሪያው ክፍያ ስንት እንደነበርም ይንገሩኝ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ቅድሚያ መቀበል የሚፈቀደው ከ1,000 ዶላር ወይም ከዋጋው 10 በመቶ ያነሰውን ነው፤ በእርስዎ ውል 1,000 ብቻ።

የሊየኑ ቀን እየሮጠ ስለሆነ በኮንስትራክሽን ጉዳይ የሚሠራ የካሊፎርኒያ ጠበቃ አሁኑኑ ያማክሩ። እስከዚያ ልጆቹን ሌላ ጣሪያ ላይ እንዳያወጧቸው፤ አስቀድመው ለኢንሹራንሱ ያስመዝግቧቸው። ሽፋን ሳይኖር አንዱ ቢወድቅ በቀጥታ ሊከስዎ ይችላል፤ ጥፋቱም የእርስዎ እንደሆነ ተገምቶ ነው የሚጀመረው።