ከጎንዎ ያለው ወንበር ለምን ባዶ ሆነ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ስለ ፕሮፌሽናል ራግቢ ሊግ ተመልካች። ጨዋታውን ስለምወደው አምስቱንም አንድ ላይ ልመልሳቸው ብያለሁ።

ለማታውቁት ባጭሩ። ራግቢ ሊግ ከሁለቱ ዋና የራግቢ ዓይነቶች አንዱ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 13 ተጫዋች ይሰለፋል። ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ታክል እስኪደረግ (ኳስ የያዘው ተጫዋች ተይዞ እስኪቆም) ድረስ ያጠቃል፣ ከዚያ ኳሱ ለሌላው ያልፋል። ስፖርቱ የተወለደው በ1895 በሰሜን እንግሊዝ፣ ሀደርስፊልድ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ክለቦቹ ከድሮው የራግቢ ማኅበር የተገነጠሉት፣ ለጨዋታ ሲሉ ከሥራ የሚቀሩ ሠራተኛ ተጫዋቾች የሚቀርባቸውን ደሞዝ እንክፈላቸው ስላሉ ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በር ላይ ከፍሎ ከሚገባው ሕዝብ ነዋ። ስለዚህ የተመልካች ጉዳይ ለዚህ ስፖርት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የህልውና ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሰሜን እንግሊዝ ነው፤ በምደግፈው ክለብ በበጎ ፈቃድ በር ላይ አገለግላለሁ። ዘንድሮ ቡድናችን እያሸነፈ ነው፣ ሜዳው ግን ግማሹ ባዶ ነው። አለቆቻችን «እኛ እናሸንፍ እንጂ ሕዝቡ ራሱ ይመጣል» ይላሉ። እውነት ይመጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሸነፍ ይጠቅማል። ሁሌ የሚሸነፍ ቡድን ሜዳ መሙላት ከባድ ነው። ግን «ሕዝቡ ራሱ ይመጣል» የሚለው ሐሳብ ስንቱን ክለብ አዘናግቷል መሰለህ።

ሀል ኪንግስተን ሮቨርስን ተመልከት። ከ1985 በኋላ 40 ዓመት ሙሉ አንድም ትልቅ ዋንጫ አላነሳም፤ በመሃል ወደ ታችኛው ሊግ ወርዶም ያውቃል። በ2025 ዌምብሌይ ላይ ዋሪንግተንን 8 ለ 6 አሸንፎ ቻሌንጅ ካፕ የሚባለውን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ወሰደ፣ በዚያው ዓመት የሱፐር ሊግን (የእንግሊዝን ከፍተኛ ሊግ) ፍጻሜም ዊጋንን አሸንፎ ወሰደ። እነዚያን 40 ዓመታት ወንበሩን ይዞ የቆየው ደጋፊ ግን የመጣው ለዋንጫ አልነበረም። ሀል ከተማ ውስጥ ከወንዙ በስተምሥራቅ ያለው ሰፈር የሮቨርስ ነው፣ በስተምዕራብ ያለው የሀል ኤፍሲ ነው፤ ልጁን አባቱ ወይም አያቱ እጁን ይዞ ይወስደዋል፣ ልጁም ሲያድግ የራሱን ልጅ ይወስዳል። ሰው ወደ ሜዳ የሚሄደው የሚወስደው ሰው ስላለ ነው። የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

የብራድፎርድን ታሪክም አንሳላቸው። በ1996 ሱፐር ሊግ ሲጀመርና ጨዋታው ከክረምት ብርድ ወደ በጋ ሲዛወር፣ ብራድፎርድ ኖርዘርን የሚለውን የድሮ ስሙን ትቶ ብራድፎርድ ቡልስ ተባለ። ስሙን ብቻ አይደለም የለወጠው። ሙዚቃ አመጣ፣ የበሬ ልብስ የለበሰ አዝናኝ ሜዳው ዳር አቆመ፣ ተጫዋቾቹን ወደ ትምህርት ቤቶች ላከ። የድሮ ደጋፊዎች አጉረመረሙ። ሕዝቡ ግን ከነቤተሰቡ መጣ፤ ኦድሳል የሚባለው ሰፊ ሜዳው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌላ ቦታ መሰለ። በኋላ ክለቡ በገንዘብ አያያዝ ተንኮታኩቶ በ2017 እስከ መፍረስ ደረሰና እንደ አዲስ ተቋቋመ፤ እሱ ሌላ ቁስል ነው። የሕዝቡን አመጣጥ ግን አያስተባብለውም።

የሊ ክለብም በ2023 ራሱን ሌፐርድስ ብሎ፣ ማሊያውን ነብርማ አድርጎ ሲመጣ ብዙ ሰው ስቆበት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዌምብሌይ ገብቶ፣ በተጨማሪ ሰዓት በላክላን ላም ድሮፕ ጎል (ኳሱን መሬት አንጥሮ በመምታት በሚገኝ ነጥብ) 17 ለ 16 አሸንፎ ቻሌንጅ ካፑን ይዞ ወጣ። ትንሽ ከተማ ናት። ድሉ ሲመጣ ግን የምትለብሰውና የምታወራው ነገር አስቀድሞ ተዘጋጅቶላት ነበር።

አንተ በር ላይ ነህ አይደል? ከማንም የተሻለ ቦታ ነው ያለኸው። የሚገባውን ሰው «ዛሬ ከማን ጋር መጣህ?» ብለህ ጠይቅ፣ መልሱንም መዝግብ። ብቻውን የሚመጣ ሰው አንድ ዝናባማ ምሽት ሲያጋጥመው ይቀራል። ከሦስት ሰው ጋር የሚመጣው ግን እሱ ቢሰንፍ እንኳ ሦስቱ ይጎትቱታል። ለአለቆቻችሁ ደግሞ ይህን አስታውሳቸው፦ ከ2025 ጀምሮ ክለቦች በሱፐር ሊግ ለመቆየት ከ20 ነጥብ ይመዘናሉ፣ ከ20ው አምስቱ የሚሰጠው ለደጋፊ ብዛትና ተሳትፎ ነው። ለሜዳ ውጤት የተመደበውም አምስት ነው። ባዶ ወንበር አሁን እንደ ሽንፈት ነጥብ ያስጥላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የራግቢ ሊግ ፍቅር አለበት። ባለፈው ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን አብረን ሄድን። ሕጉ አልገባኝም፣ የሚያስረዳም አልነበረም። ዕረፍት ላይ ለምግብ ተሰልፈን ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ሐሙስ ማታ ስለነበር ልጆቹ በማግስቱ ትምህርት ቤት እንቅልፋቸውን ሲታገሉ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስንም። ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ጥፋት ምንም የለበትም። ደብዳቤሽን ክለቦቹ ሁሉ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ክለቦች ስንት ሰው እንደመጣ ይቆጥራሉ። ለኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ሌላ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጡት ውስጥ ስንቱ ሁለተኛ መጣ? አንቺን አንድ ጊዜ ለማምጣት ማስታወቂያ ወጥቷል፣ ባለቤትሽ ለምኖሻል፣ ልጆቹ ተዘጋጅተዋል፣ ትኬት ተገዝቷል። ይህ ሁሉ ተደርጎ በአንድ የምግብ ሰልፍ ታጣሽ። ትኬቱን በኢንተርኔት ከገዛችሁ ደግሞ አድራሻችሁ እነሱ ጋር አለ። በማግስቱ «እንዴት ነበር? ምን ቸገራችሁ?» የሚል አንድ መልእክት፣ ከሱ ጋር ለቀጣዩ የቅዳሜ ወይም የእሑድ ቀን ጨዋታ የቤተሰብ ትኬት በቅናሽ። ይህን ለማድረግ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ሕጉን ማስረዳትም ቀላል ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በትልቁ ስክሪን ላይ የግማሽ ደቂቃ ማብራሪያ፦ ስድስት ታክል አለ፣ ወደ ፊት በእጅ ማቀበል ክልክል ነው፣ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው መስመር ጀርባ መሬት ማስነካት) አራት ነጥብ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ጨዋታውን መከታተል ይችላል። ስድስተኛው ታክል ሲቃረብ ሕዝቡ ለምን እንደሚጮህ የገባሽ ዕለት አንቺም አብረሽ ትጮኺያለሽ፣ እመኚኝ።

ሐሙስ ማታውን በተመለከተ፣ ያ የቴሌቪዥን ጉዳይ ነው። ቴሌቪዥን ለክለቦቹ ገንዘብ ይከፍላል፣ ሰዓቱንም ይመርጣል። ከ2024 ወዲህ የሱፐር ሊግ ጨዋታዎች ሁሉ በቀጥታ ስለሚተላለፉ ሶፋ ላይ መቅረት ከድሮው ቀሏል። ክለቦች ቀኑን ብቻቸውን አይወስኑትም፤ ግን ቤተሰብ የሚመጣባቸውን ጥቂት የቀን ጨዋታዎች ለይተው ኃይላቸውን እዚያ ላይ ማፍሰስ ይችላሉ። አንድ ምክር ደግሞ ላንቺ። በቀን ጨዋታ አንድ ጊዜ ሞክሩት፣ ሲያልቅም ቶሎ አትውጡ። በብዙ ክለቦች ተጫዋቾቹ ሜዳውን እየዞሩ ከልጆች ጋር ፎቶ ይነሳሉ። በዚህ ረገድ ራግቢ ሊግ ከብዙ ትልልቅ ስፖርቶች የበለጠ ቅርብ ነው፤ ያ ትልቅ ሰውዬ ጭቃ እንደተቀባ ጎንበስ ብሎ ልጅሽን ሲያናግረው ልጅሽ አይረሳውም።

ጥያቄ፦ ወንበሩ ባዶ ከሚሆን ለምን ትኬቱን ዝም ብለው በነጻ አይሰጡም? ተማሪ ነኝ፣ እኔ ብሆን እሄድ ነበር።

መልስ፦ አንተ ትሄድ ይሆናል። ብዙው ሰው ግን በነጻ ያገኘውን ትኬት ኪሱ ውስጥ ይረሳዋል። ያልከፈለበት ነገር ስለሆነ ትንሽ ሲያካፋ ይተወዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የዓመት ትኬት የገዛው ሰው ነው። ለወራት ቆጥቦ ከፍሏል፣ አጠገቡ ያለው በነጻ ገብቷል። በሚቀጥለው ዓመት ለምን ይግዛ?

እንዲህ ቢሆን ግን እስማማለሁ። ነጻውን ትኬት ለማያውቁት ሰው ከመበተን፣ ለዓመት ትኬት ባለቤቱ ስጡት፤ «በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሜዳ መጥቶ የማያውቅ አንድ ጓደኛህን ይዘህ ና» በሉት። ያኔ ታማኙ ደጋፊ ተከበረ፣ አዲሱም ሰው ብቻውን አልመጣም፤ ሕጉን የሚያስረዳው፣ የት እንደሚቆም የሚያሳየው፣ በሚቀጥለው ሳምንት «አትመጣም እንዴ?» ብሎ የሚደውልለት ሰው አለው። ለተማሪ ልጆችም እንደዚሁ፦ ልጁ በነጻ፣ ወላጁ ከፍሎ። ላንተ ደግሞ ብዙ ክለቦች የተማሪ ዋጋ ስላላቸው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከሲድኒ ነው የምጽፈው። እዚህ ግራንድ ፋይናል (የአውስትራሊያው ሊግ የዋንጫ ፍጻሜ) ሲሆን ከ80,000 በላይ ሰው ይገባል። በተራ ሳምንት ግን በዚያው ስታዲየም ድምፅህ ያስተጋባል። ሕዝቡ ስፖርቱን ይወዳል ወይስ አይወድም?

መልስ፦ ይወዳል እንጂ! በ1999 ስታዲየም አውስትራሊያ በሚባለው በዚሁ ሜዳ፣ ሜልቦርን ስቶርም ሴንት ጆርጅ ኢላዋራን 20 ለ 18 ሲያሸንፍ 107,999 ሰው ነበር። እንግሊዝም ብትሄድ በ1954 በኦድሳል፣ ሃሊፋክስና ዋሪንግተን በተደገመው የዋንጫ ፍጻሜ ከ102,000 በላይ ሕዝብ ታድሟል። ችግሩ የቦታው ልክ ነው። 15,000 ሰው ሌይካርት ኦቫል በሚባለው ትንሽ የሲድኒ ሜዳ ውስጥ ስታስገባ በዓል ነው። ያንኑ 15,000 ሰው ከ80,000 በላይ በሚይዝ ስታዲየም ስትበትነው የመጣው ሁሉ «ማንም የለም» ብሎ ይመለሳል፣ ለጓደኛውም እንዲሁ ይነግራል። ባዶነት ይወራል። ሙላትም እንዲሁ። ስለዚህ በ2019 የተከፈተው የፓራማታው አዲስ ስታዲየም 30,000 ገደማ ብቻ እንዲይዝ፣ ወንበሮቹም ለሜዳው ቅርብና ቀጥ ያሉ እንዲሆኑ መደረጉ ትክክል ነው እላለሁ። ትንሹ ሜዳ ይሙላ፣ ትኬት አልቆ የሚመለስ ሰው ይኑር።

ሲድኒና አካባቢዋ ዘጠኝ ክለብ እንደሚካፈሏትም አትርሳ። ብሪዝበን ላይ ብሮንኮስ የሚባለው ክለብ ለረጅም ዘመን ከተማዋን ለብቻው ይዟት ኖረ። ከከተማው መሃል ብዙም በማይርቀው፣ 52,500 ሰው በሚይዘው ስታዲየም ይጫወታል፤ የጨዋታው ትኬት ለአውቶቡስና ለባቡርም ያገለግላል። መኪና የት አቆማለሁ የሚለው ጭንቀት ስንቱን ሰው ቤት እንደሚያስቀር እናንተ ታውቃላችሁ። በ2023 ዶልፊንስ የሚባል ሁለተኛ ክለብ ሲመጣም የብሮንኮስ ተመልካች አልሸሸም። ጎረቤት ተቀናቃኝ ሲመጣ የሥራ ቦታ ወሬው ይደምቃል።

ፍቅሩን ካነሳህ አይቀር፣ ሳውዝ ሲድኒን ላስታውስህ። ሊጉ ከ1999 በኋላ አስወጣው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ለሱ ሲል ሲድኒ መንገድ ላይ ወጣ፣ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ክለቡም በ2002 ተመለሰ። በ2014፣ ከ43 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሲሆን 83,833 ሰው አየው። ያንን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ጉሮሮዬ ይዘጋል። ለክለቡ ሰልፍ የወጣ ሰው የክለቡ ባለቤት ነኝ ብሎ ያምናል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ክለቦች በስሙ ሊያውቁት ይገባል።

ጥያቄ፦ ጨዋታዎችን ላስ ቬጋስ ወስዶ ማጫወት በሳምንቱ ጨዋታ ላይ ተመልካች ይጨምራል?

መልስ፦ ባጭሩ፣ በቀጥታ አይጨምርም። በ2024 የአውስትራሊያው ሊግ እዚያ አሌጂያንት ስታዲየም ሲጫወት 40,746 ሰው ገባ፤ በ2025 ከእንግሊዝ ዊጋንና ዋሪንግተንም ተጨምረው ከ45,000 አለፈ። ጥሩ ነው። የፈረንሳዩ ክለብ ካታላንስ ድራጎንስም በ2019 ባርሴሎና ካምፕ ኑ ላይ ከዊጋን ጋር ሲጫወት 31,555 ሰው ታድሟል። እንዲህ ያለው ጉዞ ስምን ያስተዋውቃል፣ ደጋፊም ለዓመታት የሚያወራው ትዝታ ያገኛል። በዝናብ ቀን ዊጋን ላይ ባዶ የቀረውን ወንበር ግን ቬጋስ አይሞላውም። የቶሮንቶ ዎልፍፓክም ታሪክ አለ፤ ካናዳ ውስጥ ሜዳውን ሞቅ አድርጎ ሕዝብ ሰብስቦ ነበር፣ በ2020 ሱፐር ሊግ በገባ በመጀመሪያው ዓመት በገንዘብ ምክንያት አቋርጦ ወጣ።

እኔ በጉጉት የምጠብቀው ፓፑዋ ኒው ጊኒን ነው። ራግቢ ሊግ እዚያ የአገሪቱ ብሔራዊ ስፖርት ነው፤ ክለባቸውም በ2028 ወደ አውስትራሊያው ሊግ እንዲገባ ተወስኗል። ፖርት ሞርስቢ ላይ ሰው እንዲመጣ መለመን ያለ አይመስለኝም። እዚያ የሚያስጨንቀው ወንበሩ ለሁሉ እንዴት ይበቃል የሚለው ይሆናል።