ለአንድ ደቂቃ የሚጠፋው ሊንክ

ጥያቄው፦ «የእንግዳ ማረፊያችን ሁለት ሕንፃዎች በ400 ሜትር ይራራቃሉ። በ5 ጊጋኸርዝ አንቴና አገናኝተናቸዋል። ሊንኩ፣ ማለትም የሁለቱ አንቴናዎች ግንኙነት፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ድርግም ይላል። ከደቂቃ በኋላ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ግን አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ቴክኒሻን መጥቶ ኬብሉን ቀየረ፣ ሬዲዮው የየትኛውን አገር ደንብ እንደሚከተል የሚነግረውን የአገር ኮድም ነካካ። ለውጥ የለም።»

ኬብሉን ይተዉት። የላላ ኬብል ደቂቃ ቆጥሮ አይመለስም። እኔ የጠረጠርኩት ራዳር ነው።

ከ5250 እስከ 5350 እና ከ5470 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ላይ ባለቤቱ ራዳር ነው፤ ዋይፋይ እንግዳ ነው። አንቴናው ላይ ያለው ሬዲዮ ራዳር የሰማ ሲመስለው ቻናሉን፣ ማለትም የያዘውን የሞገድ ክፍል፣ ይለቃል፤ ለ30 ደቂቃም አይመለስበትም። አዲሱ ቻናል ላይ ከመናገሩ በፊት 60 ሰከንድ ያዳምጣል። በአውሮፓ ደንብ ከ5600 እስከ 5650 ባለው፣ የአየር ሁኔታ ራዳር ስላለበት፣ 10 ደቂቃ ያዳምጣል። ሊንኩ በጠፋበት ሰዓት የተጻፈውን ሎግ፣ ማለትም መሣሪያው የሆነውን የሚመዘግብበትን ዝርዝር፣ ይመልከቱ። ራዳር የሚል ካገኙ እሱው ነው።

ሎግ ለማየት ጣራ መውጣት አያስፈልግም። ለሌላ ሥራ ከወጡ ግን ሰማዩ ከጠቆረ ይውረዱ። የአንቴናው ፖልም ቢወድቅ እንኳ የመብራት ሽቦ የማይነካበት ቦታ ይቁም።

አንድ ነገር ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ሰፊ ግቢ የሚጠብቁ ሁለት ዘበኞችን ያስቡ። የፊት በሩ ዘበኛ በጓሮ የገባውን አያይም። እሱ ስላላየ ማንም አልገባም ማለት አይደለም። ሬዲዮም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ጫፍ ፎቅ ሲጋርደው ራዳሩ አይሰማውም፣ ሌላኛው ይሰማዋል። ስለዚህ ተባብረው የሚሠሩ ሬዲዮዎች የሰሙትን ይነጋገራሉ። «አንዳችን ከሰማን ሁላችንም እንልቀቅ» ካሉ የሞገዱ ባለቤት በደንብ ይጠበቃል፤ ነገር ግን አንድ ድንጉጥ ዘበኛ ድመት ባየ ቁጥር ግቢውን ያምሳል። «አብዛኞቻችን ስንሰማ» ካሉ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ በጓሮ ብቻ የሚታየው ሌባ ግን ያመልጣል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው 802.22 የተባለው የገመድ አልባ ኢንተርኔት ስታንዳርድም በቴሌቪዥን ባዶ ቻናሎች ኢንተርኔት ሲያደርስ፣ ዋናው ጣቢያ ደንበኞቹ ጋ ያሉት መሣሪያዎች የሰሙትን ይሰበስባል።

እርስዎም ከሁለቱም ሕንፃ ስካን ያድርጉ፤ የትኛው ቻናል እንደተያዘ ያሳያል። በሁለቱም ጸጥ ያለውን ቻናል ይያዙ። የቻናሉን ስፋት ወደ 20 ሜጋኸርዝ ያውርዱት፤ ለምሳሌ ለጥቂት ካሜራዎች ይበቃል። ያ የአየር ሁኔታ ራዳር ሞገድ ላይ የሚወድቁትን ከ120 እስከ 128 ያሉትን ቻናሎች ይሽሹ። ከ36 እስከ 48 ያሉት ራዳር አያዳምጡም፤ ግን በብዙ አገር ለቤት ውስጥ ብቻ ስለሆኑ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያጣሩ። ጎረቤትዎ ሊንክ ካለው ቻናል ተነጋግራችሁ ተካፈሉ።

የአገር ኮዱን ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመልሱ። ማዳመጡን ለማጥፋት ብሎ ኮድ መቀየር ጥገና አይደለም። የዋይፋይ ጩኸት በአየር ሁኔታ ራዳር ስክሪን ላይ እንደ ረጅም ጨረር እየታየ ዝናቡን ይሸፍናል። በዚያ ስክሪን የሚተማመን ሰው አለ።

ርካሽ ሬዲዮ ደግሞ ያናድደኛል። ሌላ ሞገድ የሚያጣራለት ፊልተር ደካማ ስለሆነ አጠገቡ ሌላ አንቴና ሲያስተላልፍ ራዳር ይመስለዋል። አዲሱ ኬብልም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንዳይሆን ጫፉን ፋቅ አድርገው ይዩት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ያስመልሱት።

በአንድ ፖል ላይ ሁለት አንቴና ካለ ያራርቋቸው። ለዚህ ጣራ መውጣት ግድ ነው፤ በጠራ ሰማይ፣ ከሰው ጋር፣ ከመብራት ሽቦ ርቀው።