«ሬኔሳንስ»፣ «ሕዳሴ» ወይስ «ተሐድሶ»?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህርት ነኝ። ከመካከለኛው ዘመን በኋላ በአውሮፓ ጥበብና ትምህርት ያበቡበትን ጊዜ አንዱ መጽሐፍ «ህዳሴ»፣ ሌላው «ተሐድሶ»፣ ሦስተኛው «ዳግም ልደት» ይለዋል። ተማሪዎቼ ደግሞ «ሬኔሳንስ» ብለው ይገላገላሉ። የቱን ላስተምር? በየትኛው «ሀ» ነው የሚጻፈውስ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። እኔ «ሕዳሴ» እላለሁ። ምክንያቴን ከቃሉ ሥር ልጀምር።

መነሻው የግእዙ «ሐደሰ» ነው። አማርኛ ሐውን ጥሎ «አደሰ» አለው። ቤት ማደስ፣ መታወቂያ ማሳደስ፣ እድሳት፣ አዲስ፣ ታደሰ የሚለው የሰው ስም፣ ሁሉም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። «ሕዳሴ» ግን የግእዝ መልኩን እንደያዘ ወደ አማርኛ ገባ። አወጣጡ ከ«ቀደሰ» «ቅዳሴ»፣ ከ«ወደሰ» «ውዳሴ» እንደሚወጣው ነው። ስለዚህ ሲያነቡት «ዳ»ን እንደ ቅዳሴው ጠበቅ ያድርጉት። አላልተው የሚያነቡት ብዙ ናቸው፤ ጆሮዬን ይቆረቁረዋል።

ፊደሉ በግእዙ ሥርዓት ሐመሩ «ሕ» ነው። «ህዳሴ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ላይ ግን ቀይ እስክሪብቶ አያንሡበት። በአማርኛ ድምፁ አንድ ነው። እኔ «ሕ»ን የምመርጠው ከ«ሐዲስ» ጋር ያለው ዝምድና በዓይን እንዲታይ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ትርጉሙ እንምጣ። ፈረንሳይኛው «ሬኔሳንስ» ቃል በቃል ዳግም መወለድ ማለት ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆርጆ ቫዛሪ በ1550 ስለ ጥበበኞች ሕይወት ባሳተመው መጽሐፍ «ሪናሺታ» ብሎ ነበር (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እሱም ያው ልደት ነው። የዘመኑ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ የጸናው ግን ቆይቶ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በፈረንሳዊው ዡል ሚሽሌና በስዊዘርላንዳዊው ያኮብ ቡርክሃርት ብዕር ነው። እንግዲህ «ዳግም ልደት» ያለው ተርጓሚ ቃሉን በትክክል ገልብጦታል። ለእኛ ግን አይመችም። አንደኛ፣ ዳግም ልደት ሲባል ብዙው አንባቢ የሚታየው ጥምቀት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥብኛል፤ ዳግም ተወለደ ካልን በፊት ሞቶ ነበር ማለታችን ነው። ታሪኩ ደግሞ እንዲያ አይደለም።

ፖጆ ብራቾሊኒ የተባለውን ምሁር ይውሰዱ። በ1416 ዛሬ ስዊዘርላንድ በምትባለው አገር ወዳለው የቅዱስ ጋል ገዳም ሄደ። እዚያም ሮማዊው ኩዊንቲሊያን ስለ ንግግር ጥበብ የጻፈውን መጽሐፍ ሙሉውን አገኘ። ከዚያ በፊት በጣሊያን ምሁራን እጅ የሚዞረው ጎደሎ ቅጂ ነበር። የተገኘው መጽሐፍ አቧራ ለብሷል፤ ግን አለ! ያቆዩት የመካከለኛው ዘመን መነኮሳት ናቸው፣ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው። ፖጆም ቁጭ ብሎ በእጁ ገለበጠው።

የፍሎረንስ ካቴድራልም እንደዚሁ ነው። ግንባታው በ1296 ተጀመረ፤ አናቱ ግን ገና ክፍት ነበር። ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ከ1420 እስከ 1436 ጉልላቱን አቆመለት። ያቆመው አባቶቹ በሠሩት ግድግዳ ላይ ነው። ይህን ሥራ አማርኛ ምን ይለዋል? ማደስ ይለዋል። የዚያ ዘመን ሰዎች ራሳቸው በላቲን «ሬኖቫሲዮ» ይሉ ነበር፤ እሱም እድሳት ነው። «ሕዳሴ» ያለው ሰው ለእነሱ ሐሳብ ከፈረንሳይኛው ቃል ይልቅ ቀርቧል ባይ ነኝ።

«ተሐድሶ»ም ከዚያው ሥር የመጣ ጥሩ ቃል ነው፤ ችግሩ ሥራ በዝቶበታል። በ1517 በማርቲን ሉተር የተጀመረው የሃይማኖት እንቅስቃሴ የሚጠራው በእሱ ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው የሚያገግምበት ማዕከልም «የተሐድሶ ማዕከል» ይባላል። በቤተ ክርስቲያን አካባቢ ደግሞ ቃሉ የራሱ የጦፈ ክርክር አለው። ሉተርንና ብሩኔሌስኪን በአንድ ቃል ከጠሩ ተማሪው ፈተና ላይ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

«ሬኔሳንስ» የሚሉትን ልጆች አይቆጧቸው፤ የታወቀ የውሰት ቃል ነው። እርስዎ ግን «የአውሮፓ ሕዳሴ» ወይም «የሕዳሴ ዘመን» ይበሉ። እንዲሁ «ሕዳሴ» ካሉ ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያስበው የዓባይን ግድብ ነው።

ለክፍልዎ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ዘመን የእኛንም ፊደል ነክቷል። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ውስጥ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተማረ። ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ተሳስቶ ነበር። ቢሆንም በ1513 መዝሙረ ዳዊትን እዚያው ሮም አሳተመ፤ በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። በ1548 እና 1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ሰሌዳው ላይ «ሐዲስ» እና «ሕዳሴ»ን ጎን ለጎን ይጻፉና ልጆቹ የሁለቱን ቃላት ሥር ራሳቸው እንዲያወጡት ይጠይቋቸው።