በውክልና የያዝኩት መደብ በውጭ ማስታወቂያ ወጣ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የግዥ ባለሙያ ነኝ። ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። የቡድን መሪያችን ሲዛወሩ ኃላፊው «ሰው እስኪመደብ ያዢው» አሉኝ፤ ይኸው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ጨረታ የማወጣው እኔ፣ ከኦዲተር ጋር የምፋጠጠው እኔ፣ ሰኔ ላይ በጀት ሲዘጋ እስከ ሌሊት የማመሸው እኔ። ባለፈው ሳምንት መደቡ በውጭ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መጀመሪያ ለውስጥ ሠራተኛ መውጣት አልነበረበትም? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይኼ አይደል?

መልስ፦ ልጄ፣ ተረትሽ ልክ ነው፤ ኮሚቴ ግን ለተረት ነጥብ አይሰጥም። ጡረታ እስክወጣ የሰው ሀብት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ። ከዚያኛው ወንበር ያየሁትን ልንገርሽ።

ክፍት መደብ በደረጃ ዕድገትም፣ በዝውውርም፣ በቅጥርም ይሞላል። አዋጅ 1064/2010ን የሚጠቅሱልሽ ይኖራሉ፤ እሱ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ወረዳሽ የሚተዳደረው በክልላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅና በመመሪያዎቹ ነው። ፐብሊክ ሰርቪስ ሄደሽ የደረጃ ዕድገትና የቅጥር መመሪያውን ጠይቂ። ኮፒ ከከለከሉሽ እዚያው ቁጭ ብለሽ አንብቢው። «ቅድሚያ በውስጥ ማስታወቂያ ይወጣል» የሚል ካገኘሽ አንቀጹን ጠቅሰሽ ቅሬታ አቅርቢ። «ለእኔ ይገባኝ ነበር» ብለሽ ግን አትጻፊ፤ ቅሬታ ሰሚ የሚመረምረው መመሪያው መጣሱን እንጂ መድከምሽን አይደለም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። «ያዢው» ያሉሽ በደብዳቤ ነው በአፍ?

ሪከርድ ክፍል አንዲት ሠራተኛ ነበረችን። ኃላፊዋ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሁለት ዓመት ክፍሉን ብቻዋን ይዛዋለች። የማንን ማኅደር ብትጠይቂያት መደርደሪያውን ቀና ብላ ሳታይ እጇ ይደርስበታል። መደቡ ሲወጣ አመለከተች። የግል ማኅደሯን ስንከፍት የውክልና ደብዳቤ የለም። በዚያው ሳምንት እያንዳንዳችን ፋይል አስወጥተናታል፤ ሆኖም «በኃላፊነት የሠራችበት ማስረጃ አልቀረበም» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ከውጭ የተቀጠረው ልጅ ትሑት ነበር። በመጀመሪያው ቀን የጡረተኞች ፋይል የት እንዳለ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ወደ እሷ ላክሁት። እጁን ይዛ አሳየችው። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ ቡና ስታፈላ አትጠራኝም ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤ ከሌለሽ ዛሬውኑ ለኃላፊው ጻፊ፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ቡድኑን እንደመራሽ ይረጋገጥልኝ በይ። በስምሽ ፈርመሽ ያወጣሻቸው የግዥ ደብዳቤዎች ካሉ ቅጂያቸውን አያይዢ። የመደብሽንም ስም አጣሪ። ጄኢጂ የሚባለው የሥራ ምዘናና የደረጃ ምደባ መጥቶ መደቦችን በ22 ደረጃ ሲደለድል የብዙ ሰው መጠሪያ ተቀይሯል፤ የልምድ ማስረጃሽ ላይ አሮጌው ስም ብቻ ከሰፈረ «አግባብነት የለውም» የሚል አይጠፋም። የመጨረሻዎቹን ሁለት የሥራ አፈጻጸም ውጤቶችሽንም እያቸው። አለቆች ያለፈውን ቁጥር ገልብጠው የሚሞሉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እኔም ገልብጫለሁ።

አንድ የማትወጂውን ልጨምር። መደብ በውጭ መውጣቱ ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። ወረዳ ውስጥ ሁሉም ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖር ነው፤ በውስጥ ብቻ ሲባል የአንዱ የክርስትና ልጅ የሌላው አማች እየሆነ መደቡ በዘመድ የተሞላበት ቤት አውቃለሁ። የሚያናድደው ሌላ ነው፦ አንቺን ዓመት ሙሉ አሠርተው፣ ማስታወቂያውን ሲለጥፉ አንድ ቃል አለመናገራቸው። ለዚህ አንቀጽ የለውም፤ ነውር ግን ነው።

ቅሬታሽ እስኪታይ አኩርፈሽ አትቀመጪ። ማስታወቂያው የውስጥ ሠራተኛን ካልከለከለ ተመዝገቢ። ፈተናውንም «የማውቀው ሥራ ነው» ብለሽ እንዳትንቂው። እጃቸው ሥራውን የሚያውቅ፣ የግዥ መመሪያውን ግን ከፍተው የማያውቁ የውስጥ ተወዳዳሪዎች ከተመረቀ ዓመት ባልሞላው ልጅ ሲበለጡ አይቻለሁ። ቅሬታውን ደግሞ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ጥለሽ እንዳትወጪ፤ ሪከርድ ክፍል አስገቢውና ቁጥርና ቀን የተጻፈበትን ቅጂ ይዘሽ ውጪ።